የአካል ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ የሐኪም ወረቀት ብቻ ይበቃል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የዛሬ ሰባት ሳምንት ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት በሆነ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ አንሸራቶኝ ወደቅሁ። ራሴን ለማዳን ቀኝ እጄን ዘርግቼ ስለነበር ክብደቴ በሙሉ በእጅ አንጓዬ ላይ አረፈ። በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ራጅ ብነሣም ስብራት አልታየም። ሕመሙ እየበረታ በመሄዱ በ12ኛው ቀን ተመልሼ እንደገና ስነሣ ግን ስካፎይድ የምትባለው ትንሿ የአንጓ አጥንት መሰበሯ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ እጄ በጄሶ ታስሮ ሥራዬን በአግባቡ መሥራት አልቻልኩም።

የሕንፃው አስተዳደር ካሣ እንዲከፍለኝ በጽሑፍ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ሁለት ነጥቦች ነበሩት። አንደኛው ደረጃው በዕለቱ ደረቅ ነበር የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ራጅ ያልታየ ስብራት ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ የደረሰ መሆን አለበት የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ስብራቱን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት፣ ያበጠው እጄ ፎቶግራፎች (ጥቂቶቹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ) እና የሕክምና ደረሰኞች አሉኝ። የተሰበረ አጥንትን በሰነድ ያረጋገጠ ሰው ከዚህ በላይ እንዲያስረዳ ሊጠየቅ አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼ ከሆነ የሚጎድለኝን እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ተጨማሪ፦ ውይይቱ እየረዘመ በመሄዱ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች የምላሾቹን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። የጻፍኩት በራሴ አነጋገር ነው፤ አስተያየቴንም በየቦታው ጣል ማድረጌን አልሸሽግም።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ምላሽ ሰጪ ምሕረት ተመኝተውልኝ ሐሳቤን ያለ አንዳች ማሻሻያ ደገፉ። እርሳቸውም በመኪና አደጋ ተጎድተው የሐኪም ማስረጃ ብቻ በማቅረብ ከመድን ድርጅት ካሣ እንደተከፈላቸው ገለጹ። ይህ ምላሽ ያስገኘልኝ ደስታ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

ምላሽ 2

ጠበቃ መሆናቸውን የገለጹ ሰው፣ በአክብሮት ነገር ግን በማያሻማ ቋንቋ፣ የምላሽ 1 ጸሐፊ ካሣ ያገኙት አሽከርካሪው ጥፋቱን በማመኑ እንጂ የሐኪም ወረቀቱ ብቻውን በቂ ሆኖ እንዳልሆነ አስረዱ። ጥፋቱ በተካደበት ጉዳይ ካሣ ጠያቂው በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል፦ ሌላው ወገን ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ አለማድረጉን፣ ጉዳቱ የመጣው በዚሁ ጉድለት ምክንያት መሆኑን፣ እንዲሁም የጉዳቱን ዓይነትና መጠን። እኔ የዘረዘርኳቸው ማስረጃዎች በሙሉ የሚያርፉት በሦስተኛው ላይ ነው። አስተዳደሩ ደግሞ የካደው ሦስተኛውን ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው፤ ስለዚህ ባልተካደው ነገር ላይ ማስረጃ መከመሬ ከንቱ ድካም መሆኑን ነገሩኝ። በመጨረሻ አንድ ማጽናኛ ጨመሩ፤ በብዙ አገሮች የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚጠይቀው የማስረዳት ደረጃ እንደ ወንጀል ጉዳይ ከባድ ስላልሆነ፣ ነገሩ ከአለመሆኑ ይልቅ መሆኑ ይበልጥ የሚያመዝን መሆኑን ማሳየት ይበቃል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የመክፈቻ ጽሑፌን ላርመው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቴ የውይይቱ መነሻ ስለሆነ እንዳለ ተውኩት።

ምላሽ 3 እና 4

የምላሽ 3 ጸሐፊ ደረጃው አካባቢ የደህንነት ካሜራ መኖር አለመኖሩን ጠየቁኝ። ካሜራ መኖሩን፣ ነገር ግን ምስሉን በአምስተኛው ሳምንት ስጠይቅ ጠፍቷል መባሌን ነግሬአቸው፣ ሆን ተብሎ ሳይጠፋ እንዳልቀረ ጥርጣሬዬን ጨመርኩ። ካሜራ በመትከል ሥራ የሚተዳደሩት የምላሽ 4 ጸሐፊ ግን ጥርጣሬዬን አልተቀበሉትም። መቅጃው ዲስኩ ሲሞላ ከሁሉ አሮጌውን ምስል እየፋቀ በላዩ ስለሚቀዳ፣ እንደ ካሜራዎቹ ብዛትና እንደ ዲስኩ ስፋት አንድ ምስል ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ወር ገደማ ቢቆይ ነው፤ ማንም ሰው ምንም ሳይነካ በራሱ ይጠፋል። መደረግ የነበረበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕለቱን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ቦታ ለይቶ ምስሉ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ደብዳቤ መስጠትና በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማ ከነቀኑ ማስፈረም ነበር። ከዚያ በኋላ ምስሉ ቢጠፋ ለምን እንደጠፋ ማስረዳት የባለካሜራው ጣጣ ይሆናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት፣ ሰው የራሱን ምስል ቅጂ የመጠየቅ መብት እንዳለው ጠቅሰው፣ ይህም መብት ቢሆን የተፋቀን ምስል እንደማይመልስ አስታወሱኝ።

ምላሽ 5

አንድ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት በእኔ ላይ ተርተው ሄዱ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ለመናደድ ብሞክርም ተረቱ ልክ ስለሆነብኝ ተውኩት።

ምላሽ 6

በግንባታ ሙያ ረዥም ዘመን የሠሩ ሰው ምላሽ 5ን ገሥጸው፣ ጅቡ ቢሄድም ደረጃው እንዳልሄደ አስታወሱን። የፈሰሰ ውሃ በሰባት ሳምንት ይደርቃል፤ የተበላ የደረጃ ጠርዝ፣ የጎደለ መደገፊያ ብረት፣ የደበዘዘ መብራትና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግን ባሉበት ይቆያሉ። የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ እንድለካም መከሩኝ፤ እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ደረጃዎች ከወረደ በኋላ ቀጣዩን በልማድ ስለሚጠብቀው፣ ዓይን የማያስተውለው ትንሽ ልዩነት ሰውን ይጥላል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ በአንድ መወጣጫ ውስጥ በትልቁና በትንሹ ከፍታ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 9.5 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳያል። ፎቶግራፍ ሲነሣ በሦስት ርቀት ቢሆን ይመረጣል አሉ። ከሩቅ የተነሣው ቦታው የት እንደሆነ፣ ከመካከለኛ ርቀት የተነሣው የትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ከቅርብ የተነሣው ደግሞ ጉድለቱን ያሳያል፤ በመጨረሻው ላይ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ ከጎኑ ይቀመጣል።

ምላሽ 7

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆኑ ሰው ከመክፈቻው ጋር ያያያዝኳቸውን ፎቶዎች አውርደው መርምረው ነበር። ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሡ የሚናገረው የተደበቀ መረጃ በውስጣቸው የለም። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ፎቶዎቹን ለቤተሰብ በቴሌግራም ልኬ ቦታ እንዲለቅልኝ ከስልኬ እንዳጠፋኋቸው ተናዘዝኩ። እንደ ማብራሪያቸው እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ይጨምቁታል፣ የተነሣበትን ቀንና ሰዓትም ያራግፉታል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ዋናው ከመሣሪያው ሳይጠፋ፣ ሳይቆረጥና ሳይቀባ ተቀምጦ፣ መላላክ የሚገባው በቅጂው ነው። ደግነቱ የመልእክቱ መላኪያ ቀንና ሰዓት በንግግሩ ላይ ስለሚታይ፣ ፎቶዎቹ ቢያንስ ከዚያ ቀን በፊት መኖራቸውን ያስረዳል ብለው አጽናኑኝ።

ምላሽ 8

ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። የጻፉት በአጥንት ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርስ ሲሆኑ፣ የአስተዳደሩን ሁለተኛ መከራከሪያ ከሥሩ ነቀሉት። እጅን ዘርግቶ መውደቅ ስካፎይድን ከሚሰብሩ ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ ስብራቱም በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ አለመታየቱ የተለመደ ነው። አጥንቷ ትንሽና ጠማማ በመሆኗ ያልተከፈተ ቀጭን ስንጥቅ ይሰወራል፤ ከቀናት በኋላ በስንጥቁ ዳርና ዳር ያለው አጥንት ሲመጠጥ ግን መስመሩ ይገለጣል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ጥርጣሬ ካሳደረባቸው አንጓውን አስረው ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ እንደገና ያነሣሉ፤ ኤምአርአይ ካለ ደግሞ ቀድመው ያያሉ። የእኔ 12ኛ ቀን በትክክል እዚህ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ በሁለቱ ራጆች መካከል ያለው ልዩነት አዲስ አደጋ መድረሱን አያሳይም፤ አንድ ሐኪም ይህንኑ በባለሙያ አስተያየት መልክ ቢጽፍልኝ ክፍተቱ እንደሚዘጋ ነገሩኝ።

ነርሷ በዚህ አላበቁም። የአስተያየቱ ጥንካሬ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን በተጻፈው ነገር ነው አሉ። በአውራ ጣት ሥር፣ ከአንጓው ጎን፣ ጣት ሲዘረጋ የምትፈጠር ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ እሷ ስትነካ ማመሟ ስካፎይድን ያስጠረጥራል። የመረመረኝ ሐኪም ይህን በካርዴ ላይ ጽፎት ከሆነ፣ ስብራቱ ከመታየቱ 12 ቀናት አስቀድሞ፣ ማንም ስለ ካሣ ባላሰበበት ሰዓት፣ የተጻፈ ምስክር አለኝ ማለት ነው። እኔ በእጄ የያዝኩት የምስክር ወረቀት ግን ለአሠሪዬ ተብሎ በኋላ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ዝርዝር አይዝም። ሙሉ የሕክምና መዝገቤን፣ የሁለቱንም ራጆች ምስልና ንባብ ጨምሮ፣ ቅጂውን እንድጠይቅ አሳሰቡኝ። በጎን ደግሞ የዚህች አጥንት የደም ሥር ከጫፏ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ስብራቷ ሳይገጥም ሊቀር እንደሚችል፣ ጄሶውንም ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳላወልቅ አጥብቀው መከሩኝ።

ምላሽ 9 እና 10

ውይይቱ እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገድ ወጣ። አንድ ሰው የሐኪሞች የእጅ ጽሑፍ የማይነበብ ስለሆነ ሙሉ መዝገብ ማውጣት ምን ይጠቅማል አሉ፤ ሌላው ደግሞ ጽሑፉን ፋርማሲስት ብቻ እንደሚያነበው ቀልደው ጥቂት ተሳሳቅን። ነርሷ ተመልሰው፣ የማይነበብ ቃል ቢኖር ጸሐፊው ሐኪም ራሱ በንጹሕ ገልብጦ ሊፈርምበት እንደሚችል በቁም ነገር መለሱ።

ምላሽ 11

ሌላ ተሳታፊ ምስክር መኖሩን ጠየቁኝ። ስወድቅ ያነሣችኝን ሴት ስሟንም ስልኳንም አልያዝኩም፤ የበሩ ጥበቃ ግን እንዳየኝ አውቃለሁ አልኳቸው። እርሳቸውም ደረጃው እርጥብ እንደነበር የሚገልጽ ጽሑፍ ራሴ አዘጋጅቼ ጥበቃው እንዲፈርምበት እንዳደርግ መከሩኝ። በጎ ሐሳብ መስሎኝ ላመሰግናቸው ተቃርቤ ነበር።

ምላሽ 12 እና 13

የሥነ ልቡና መምህር ነኝ ያሉ ሰው ይህን ምክር በጽኑ ተቃወሙ። ለምስክር ቃሉን ጽፎ መስጠት ምስክርነቱን እንደሚገድለው፣ ከዚያም አልፎ የምስክሩን ትዝታ ራሱን እንደሚለውጠው አስረዱ። ለአብነት ያነሡት ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ሙከራ ነው። ተመልካቾች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ተጠየቁ፤ በጥያቄው ውስጥ መኪኖቹ ተላተሙ የሚል ቃል የሰሙት በአማካይ በሰዓት 41 ማይል ገደማ ሲገምቱ፣ ተነካኩ የሚል ቃል የሰሙት 32 ማይል ገደማ ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስተዋት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ መላተም የሚለውን ጠንካራ ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ መጋጨት የሚለውን ከሰሙት 50 ሰዎች ግን እንዲህ ያሉት 7 ናቸው፤ በፊልሙ ውስጥ ደግሞ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። ስለዚህ ጥበቃውን መጠየቅ የሚገባኝ ያየውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነግረኝ ብቻ ነው፤ እርጥብ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ መውጣት የለበትም።

የምላሽ 11 ጸሐፊ በዚህ ተቆጥተው በምላሽ 13 ተመለሱ። እስከዚያ እርስዎ ይባባሉ የነበሩት አንተ መባባል የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሙከራ በችሎት ፊት እንጀራ እንደማይሆን ተናግረው፣ መምህሩን ችሎት ረግጦ የማያውቅ ሰው አሏቸው። ክርክሩ ምን ያህል ወደ ግል ጠብ ቢወርድም እውነቱ ከመምህሩ ጋር ይመስለኛል፤ ጥበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ቢጠየቅ ምን ብሎ ሊመልስ ነው?

ምላሽ 14

አንዲት ተሳታፊ ጠቡን አልፈው ስለ ጉዳቱ መጠን ጻፉ። እርሳቸው በተጎዱ ጊዜ በየምሽቱ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፉ ነበር፤ ምን መሥራት እንዳቃታቸው፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ጠቅሰው፣ ማስታወሻው የሚታመነው ደህና የዋሉባቸውንም ቀናት ሲመዘግብ መሆኑን አሳሰቡ። ለቀረ ገቢ የጉዳቱ ወራት የደመወዝ ሰነድ ብቻውን አይበቃም፤ ከጉዳቱ በፊት የነበሩት ወራትም መቅረብ አለባቸው፤ ያለዚያ ምን እንደቀነሰ አይታወቅም። በማኅበራዊ ገጽ ስለሚለጠፉ ፎቶዎችም አስጠነቀቁ፤ እርሳቸው ሕፃን አቅፈው የተነሡት የቆየ ፎቶ በጉዳታቸው ወቅት በመለጠፉ ብቻ የተከራካሪው ወገን እጃቸው ድኗል ብሎ ተከራክሮባቸዋል።

ምላሽ 15 እና 16

አንድ ሰው በየደረጃው እየወደቁ ካሣ የሚጠይቁ ሰዎች የመድን ክፍያን በሁሉም ላይ እንደሚያስወድዱ ጽፎ፣ እኔንም አስቀድሞ የተሰበረ እጄን ይዤ ደረጃ ፍለጋ የወጣሁ አስመሰለኝ። እኔ ልመልስለት ሳልነሣ የምላሽ 6 ጸሐፊ ቀደሙኝ፤ የሐሰት ጠያቂን ከእውነተኛው የሚለየው እዚህ የምንነጋገርበት ማስረጃ ስለሆነ፣ ሐሰትን የሚጠላ ሰው ውይይቱን ሊወደው እንደሚገባ ነገሩት። መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 17 እና 18

ደረጃዎቹን ልለካ በሄድኩበት ቀን በጠርዞቻቸው ላይ የማያንሸራትት ጥቁር ጥብጣብ ተለጥፎ አገኘሁ። ይህን በጻፍኩ ጊዜ የምላሽ 17 ጸሐፊ አስተዳደሩ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው ብለው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ጠበቃው በምላሽ 18 ደስታውን አቀዘቀዙት። ባለንብረቶች ጥገናን እንዳይፈሩ ሲባል ከአደጋ በኋላ የተደረገ ማስተካከያን ለጥፋት ማስረጃነት የማይቀበሉ ሕጎች አሉ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ማስረጃ ደንብ ቁጥር 407 አንዱ ነው። ሆኖም ያው ደንብ ቢሆን ደረጃው በማን ቁጥጥር ሥር እንደሆነ ወይም ማስተካከል ይቻል እንደነበር ከተካደ ማስረጃው እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጥብጣቡን ከነቀኑ ፎቶ ማንሣቱ አይከፋም። አያይዘውም ማስረጃ ፍለጋ ይርጋን፣ ማለትም ካሣ የመጠየቂያውን የጊዜ ገደብ፣ እንደማያስቆም አስጠነቀቁ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው 2 ዓመት ሲሆን፣ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የሚረዝም ጊዜ ከወሰነ ረዥሙ ይጸናል፤ በእንግሊዝ የ1980 እ.ኤ.አ. የይርጋ ሕግ ደግሞ ለአካል ጉዳት በመሠረቱ 3 ዓመት ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚኖርበትን አገር ጊዜ አስቀድሞ እንዲያጣራ አሳሰቡ።

ምላሽ 19

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሉ የሕክምና መዝገቤን አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ገጽ ላይ፣ ነርሷ እንዳሉት፣ በአውራ ጣት ሥር ሲነካ ሕመም መኖሩ ተጽፏል፤ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ መውደቄም ከእኔ እንደተሰማ ሰፍሯል። ጥበቃውንም ያየውን እንዲነግረኝ ብቻ ጠየቅሁት፤ በራሱ ቃል ጠዋት ደረጃው መታጠቡን ተናገረ፣ የዕለት መዝገቡ ላይም የመውደቄን ሰዓት እንደጻፈ ነገረኝ። ነገር ግን በዚያው የሐኪም ገጽ ላይ አንድ የረሳሁት ነገር አለ፦ በችኮላ እየወረድኩ እንደነበር ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ።

ምላሽ 20 እና 21

የምላሽ 11 ጸሐፊ ያን ገጽ ትቼ ሌሎቹን ብቻ እንዳቀርብ መከሩ። ጠበቃው እስከዚያ ድረስ በዚህ ውይይት ያላሳዩትን ቁጣ አሳዩ። አስተዳደሩ መዝገቡን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያስቀርብ ስለሚችል፣ የተደበቀው ገጽ ሲገኝ የቀሩትን እውነተኛ ገጾች ሁሉ ይዞ ይወድቃል። መቸኮሌ በብዙ አገሮች ሕግ ካሣውን በድርሻዬ መጠን ሊቀንሰው ይችላል እንጂ የታጠበን ደረጃ ያለ ማስጠንቀቂያ ክፍት አድርጎ የተወን ሰው ነጻ አያወጣም፤ ደግሞም ስለ ሕመሙም ሆነ ስለ እርጥበቱ የሚናገሩት መስመሮች ያሉት በዚያው ገጽ ላይ ነው።

ገጹን ከሌሎቹ ጋር አብሬ አስገብቻለሁ። ለጥበቃው የዕለት መዝገብም እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ደብዳቤ በዚያው ቀን ሰጥቼ ቅጂው ላይ አስፈርሜአለሁ።